የዘርፍ ማኅበር (ወረታና ፎገራ)

የዘርፍ ማኅበር በአንድ የሥራ ዘርፍ የተሰማሩ ሰዎች የጋራ ጥቅማቸውን ለማስጠበቅ የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። በአዋጅ ቁጥር 341/1995 መሠረት አደረጃጀቱ ከወረዳና ከከተማ ተነሥቶ በክልል በኩል አገር አቀፍ ይደርሳል። ስለዚህ የታችኞቹን ማኅበራት «ቅርንጫፍ» ማለት ትንሽ ያሳስታል፤ ላይኛው አካል የሚቆመው በእነርሱ አባልነት ነውና።

የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ በሚገነጠልበት ላይ የተቀመጠችው ወረታ እንዲህ ያለ ማኅበር ለምን እንደሚያስፈልግ ጥሩ ማሳያ ናት። ሩዝ በዙሪያዋ ባለው በፎገራ ሜዳ የተስፋፋው ከደርግ ዘመን ወዲህ ሲሆን፣ በጅማሮው የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት፤ «ኤክስ ጂግና» የተባለው ዝርያም ስሙን የወሰደው በአካባቢው ካለው ጂግና ከተባለ ቦታ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ ቀድሞ በፎገራ ከብት የታወቀው ሜዳ የሩዝ ማሳ ሆነ። በወረታም የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች በዙ።

የመፈልፈያ ባለቤቶች ችግር ለብቻ የሚፈታ አይደለም። በደንብ ያልደረቀ ሩዝ ማሽን ውስጥ ይሰባበራል፤ የተሰበረው ደግሞ ከውጭ ከሚገባው ሩዝ ጋር በገበያ አይወዳደርም። አንዱ ባለ ወፍጮ እርጥቡን አልቀበልም ቢል ገበሬው ጎረቤቱ ዘንድ ያስፈለፍላል። የእርጥበት ልክን፣ የደረጃ አሰያየምንና የመለዋወጫ ግዢን በጋራ መወሰን የሚቻለው በማኅበር ነው፤ ከመዋጮው ይልቅ አባላትን የሚፈትነውም ይኸው ስምምነት ነው። የሙያ ምክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፦ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚያው ወረታ ነው።