የአዳማ ሜዳ ከሰማይ ሲታይ

ባለፈው የትምህርት ዓመት አንድ ቀን የጂኦግራፊ መምህራችን አንድ ትልቅ ወረቀት በሰሌዳው ላይ ለጥፈው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። ከእኛ መካከል አንዱ የሻገተ እንጀራ ነው አለ፤ ሌላው የበሬ ቆዳ መሰለው፤ ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ ምንም ሳይሉ ሣቁ። መምህራችን በእንጨት እየጠቆሙ ይህ አዋሽ ነው፣ ይህ የወንጂ ሸንኮራ አገዳ ነው፣ ይህ ጥቁሩ የቆቃ ሐይቅ ነው፣ ይህች ነጥብ የምታህለው ደግሞ እናንተ አሁን የተቀመጣችሁበት ግቢ ናት ባሉን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። ወረቀቱ ከሳተላይት የተነሣ የአካባቢያችን ፎቶግራፍ ነበር። ማንም ሰው ያለ ዋጋ ሊያገኘው እንደሚችል በነገሩን ጊዜም አንድ ጥያቄ በልባችን አደረ። ይኸውም፣ ከዚህ ቀደም ይህችን ምድር ከላይ ሆኖ ያያት ማን ነበር? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ይዘን ያነበብነውንና ከታላላቆቻችን የጠየቅነውን በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት ለማቅረብ ደፍረናል። ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፍነው ካርታዎቹና ፎቶግራፎቹ በዚያው አቆጣጠር ስለ ተመዘገቡ ነውና ወላጆቻችን ቅር እንዳይላቸው እንለምናለን።

አዋሽ በካርታ ላይ የተሣለው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ በ1450ዎቹ በሠራው ታላቅ የዓለም ካርታ ላይ የወንዛችን ስም ይገኛል። መነኩሴው ኢትዮጵያን በዐይኑ አላያትም። ነገር ግን የአገሩ ተወላጆች የሆኑ ካህናት አውራጃዎቹንና ከተሞቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በዚያው ካርታ ላይ ጽፎአል። እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ እጅግ ደስ አለን። የአገራችን ካርታ በሌሎች እጅ ብቻ የተሠራ መስሎን ነበርና።

ከሰማይ የሚነሣው ፎቶግራፍ ግን ወደ እኛ የመጣው ከጦርነት ጋር ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በ1935 አገራችንን በወረረ ጊዜ በፊሬንዜ ከተማ የሚገኘው ወታደራዊ የጂኦግራፊ ተቋም ካሜራ የተገጠመላቸውን አይሮፕላኖች ያሠማራ ጀመር። እስከ 1941 ድረስ የተነሡት ፎቶግራፎች ወደ 34,000 ይጠጋሉ። አነሣሡም በዘዴ ነበር። አይሮፕላኑ በቀጥታ መስመር እየበረረ አንዱን ፎቶግራፍ ቁልቁል፣ ሁለቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ፣ አራተኛውን ደግሞ ወደ አድማሱ አቅንቶ ያነሣል። የፊተኛውና የኋለኛው ፎቶግራፍ በከፊል ስለሚደራረቡ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን በልዩ መነጽር ሲታዩ ተራራው ተነሥቶ፣ ሸለቆው ጎድጉዶ ይታያል፤ በዚህም የምድሩን ከፍታ ለመለካት ይቻላል። አራት አራቱ ፎቶግራፎች በአንድ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው 8,281 ሰሌዳዎች ሆኑ። ሰሌዳዎቹ በአዲስ አበባ በካርታ ሥራው መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ሳይታወሱ ከኖሩ በኋላ የኢትዮጵያና የቤልጅየም ምሁራን አጥንተዋቸው፣ የጥናቱ ጽሑፍ በ2016 ታትሞ ወጣ። ለወራሪው ጦር መንገድና መሻገሪያ እንዲያሳዩ የተነሡት እነዚህ ሥዕሎች ዛሬ የትኛው ኮረብታ ደን እንደ ነበረው ይመሰክራሉ። ጠላት ይህን አላሰበም ነበር።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1954 የኢትዮጵያ የካርታና የጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ስሙ ደጋግሞ ተለዋውጦ ሥራው ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጠቃልሎአል። ከ1963 ጀምሮ ደግሞ ኢንስቲትዩቱ ከአሜሪካ ጦር የካርታ ክፍል ጋር ሆኖ አገሪቱን ከአየር ያስነሣ ጀመር። ከዚያ ሥራ የተገኙት ፎቶግራፎች ለአንድ ለ50,000 ካርታዎች መሠረት ሆኑ። ይኸውም በወረቀት ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነው በምድር ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። አንዱ ቅጠል ካርታ በእያንዳንዱ ጎን ከ27 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ አገር ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ወረዳ በሁለት በሦስት ቅጠል ላይ ተቆራርሶ ይገኛል። የካርታዎቹ ልኬት የሚነሣበት ነጥብ አዲንዳን ይባላል፤ የሚገኘውም በአገራችን ሳይሆን በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ ነው። አዲንዳን የኑብያውያን መንደር ስም ሲሆን፣ የአስዋን ትልቅ ግድብ ሲሠራ ነዋሪዎቹ በውኃው ምክንያት አገራቸውን ለቀው ሄዱ። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ካርታ ካለ ስም አለ። የአካባቢያችን ከተሞች ስም ደግሞ አንባቢን ግራ ያጋባል። ከተማችን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ፣ በ2000 አዳማ የሚለው ስሟ በይፋ ተመለሰላት። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ ባቱ ተባሉ። የቆቃ ሐይቅም ገሊላ የሚል ስም ነበረው። ናዝሬትና ገሊላ! ወንጌልን በሕፃንነታችን ለተማርን ለእኛ ይህ ደስ የሚል ነገር ይመስላል። ነገር ግን የድሮ ካርታ የሚፈልግ ተማሪ አዳማ ብሎ ቢፈልግ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ ሁለቱንም ስም ማወቅ አለበት። ፎቶግራፉ ራሱ ስም የለውም። ስሙን የሚሰጠው ከታች የቆመው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ማንን እንደ ጠየቀ አይጽፍም።

እነዚህ ነገሮች ሁሉ ለብዙ ዘመን በመሥሪያ ቤትና በጦር ሠራዊት ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ይኖሩ ነበር። በሩ የተከፈተው በቅርብ ጊዜ ነው። አሜሪካኖች ከ1960 እስከ 1972 ኮሮና በተባሉ የስለላ ሳተላይቶች ያነሡትን ከ860,000 በላይ ፎቶግራፍ በ1995 ከምሥጢርነት አወጡት። በ1972 ወደ ሰማይ የወጣው የላንድሳት ሳተላይትና የተከታዮቹ ፎቶግራፎች በ2008 ለዓለም ሁሉ በነፃ ተለቀቁ። ከ2015 ጀምሮ የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል 10 ሜትር የሚያህለውን ነገር ለይቶ ያሳያል። አገራችንም በታኅሣሥ 2019 ኢ ቲ አር ኤስ ኤስ አንድ የተባለችውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አስመጥቃለች።

ጥቅሙን በምሳሌ ብናስረዳ ይሻላል። ከአዳማ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ መተሐራ ላይ በሰቃ የሚባል ሐይቅ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖአል። የግጦሹን መሬት ዋጠ፤ የመኪናውንና የባቡሩን መንገድ አወከ። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻ አይሆንም። መንሥኤው ከመስኖ የሚሠርገው ውኃ ነው፣ የለም የምድሩ ውስጣዊ ሁኔታ ነው እያሉ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ሐይቁ መስፋቱን ግን የሚከራከር የለም፤ ፎቶግራፎቹን በየዘመናቸው ደርድሮ ማየት ይበቃልና። ወደ ደቡብ ደግሞ አብያታ ሐይቅ በተቃራኒው ሲሸሽ ይታያል፤ ወደ እርሱ የሚወርደው ውኃ ለመስኖ ተጠልፎአል፤ ከራሱም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃ ተስቦአል። ደስ የሚያሰኝም አለ። በከተማችን አጠገብ በ2012 እና በ2015 የተመረቁት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 136 ምሰሶዎች አሉአቸው። ጥራት ባለው ፎቶግራፍ ላይ ምሰሶው ራሱ እንደ ነጥብ ሆኖ ጥላው ብቻ ረዝሞ ይታያል፤ በጥላው አቅጣጫ ፎቶግራፉ ጧት ወይም ማታ እንደ ተነሣ ለማወቅ እርስ በርሳችን ተወራርደናል።

ወላጆቻችን ገበሬዎች የሆኑት ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር ነገሩን። በሁለተኛው ደረጃ የገጠር መሬት ምዝገባ ጊዜ መዝጋቢዎቹ ከላይ የተነሣውን ሥዕል በትልቁ አትመው ወደ ማሳው ይመጣሉ። ባለ መሬቱና ጎረቤቶቹ ድንበሩን አብረው እየዞሩ ያሳያሉ፤ መዝጋቢውም በሥዕሉ ላይ ያሠምራል። ከዚያ ካርታው ለሕዝብ እይታ ይለጠፋል፤ የተሳሳተበት ሰው ቀርቦ ያሳርማል። ቀድሞ በገመድ ብቻ ይለካ ለነበረው መሬት ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ከአይሮፕላን የሚነሣው ፎቶግራፍ ከመጣ ወዲህ ከታች ያለው ሰው «ድንበሩ የት ነው?» ተብሎ የተጠየቀው በዚህ ጊዜ ይመስለናል።

ይህንን ሁሉ ሰብስበን ሳንጨርስ ከክፍላችን ተማሪዎች የአንዱ አያት ነገሩን ሰሙ። በቆቃ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ አረጋዊ ናቸው። ፎቶግራፉን ይዘን ቅዳሜ ቀን ሄድንና በጥላ ሥር ዘረጋንላቸው። ኦሮምኛ ለማናውቀው የልጅ ልጃቸው እያስተረጎመልን ብዙ ጊዜ በዝምታ ካዩት በኋላ ጣታቸውን በጥቁሩ ውኃ ላይ አኑረው «መንደራችን ከዚህ ሥር ነው» አሉ። ግድቡ በ1960 ሲፈጸም የዐሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ በፊት የተነሣውን እንድናሳያቸው ለመኑን። እኛም ከኮሮና ሳተላይት የመጀመሪያው ፊልም ወደ ምድር የወረደው በነሐሴ 1960 መሆኑን፣ ይኸውም ግድቡ በተፈጸመበት ዓመት እንደ ነበረ አስረዳናቸው። «እንግዲያው ውኃው ቀደማችሁ» አሉን። ስለ ኢጣሊያኖቹ ፎቶግራፍ በነገርናቸውም ጊዜ «ያ ሁሉ ሰው ከላይ ሲያልፍ ወርዶ ስማችሁ ማን ነው ያለን የለም» ብለው ዝም አሉ። የምንመልሰው ቃል አጣን።

መምህራችን ግን ኮምፓስ ይዘው ነበር። አባባን ከሐይቁ ዳር አንድ ከፍታ ላይ አቁመን መንደሩ በየት በኩል እንደ ነበረ ጠየቅናቸው፤ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ የሚያውቁአቸውን ኮረብቶች እየተመለከቱ በከዘራቸው አመለከቱ፤ እኛም አቅጣጫውን ለካን። ከዚያም ወደ ሌላ ከፍታ ሄደን እንደዚሁ አደረግን። ሁለቱን መስመሮች በካርታው ላይ ስናሠምራቸው በውኃው መካከል ተገናኙ። ከዚያ በኋላ አባባ ተቀምጠው በከዘራው ጫፍ በአፈሩ ላይ ሣሉልን፦ ወደ አዋሽ የሚወርደውን የከብት መንገድ፣ መሻገሪያውን፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበትን የኦዳ ዛፍ፣ የውኃ ጉድጓዱን፣ የየቤቱንም ባለቤት ስም። እኛ በወረቀት ገለበጥነው።

ሥዕሉ ዛሬ በጂኦግራፊ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ከሳተላይቱ ፎቶግራፍ ጎን ተሰቅሎአል። በሚያዝያ ወር አባባን በልጅ ልጃቸው በኩል ጋብዘናቸው መጥተው አዩት። ጉድጓዱ ከኦዳው በስተ ምሥራቅ ሳይሆን በስተ ምዕራብ እንደ ነበረ ስለ ነገሩን በላጲስ አጥፍተን እንደገና ሣልነው።