ከሄርኒያ ቀዶ ሕክምና በኋላ መቼ ሳይክል እንንዳ? ከ130 ዓመት በላይ የፈጀ መልስ

ጊንጪ ውስጥ ሄርኒያ ተሠርቶ ቤቱ የገባ ሰው ምን እንደሚገጥመው ልንገራችሁ። ጎረቤት ተራ በተራ ሊጠይቅ ይመጣል። "እግዜር ይማርህ" ይባላል፣ ቡና ይፈላል፣ ከዚያ ምክሩ ይጀምራል፦ "እንዳትነሳ! ስፌቱ ይፈታል።" አንዱ ሦስት ወር ተኛ ይላል፣ ሌላው ስድስት። እኔም ደርሶብኛል። እናቴ የሳይክሌን ቁልፍ ደብቃ ነበር።

ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ጊንጪ ዙሪያ ያለው መሬት መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ እግር የሚይዝ ከባድ ጥቁር አፈር። "ከተሠራሁ ስድስት ወር አላርስም፣ ኩንታልም አላነሳም" ብሎ ያመነ ገበሬ ሕክምናውን ለከርሞ ያስተላልፋል። የወረደው አንጀት ደግሞ ከርሞን አይጠብቅም። አንድ ቀን ቀዳዳው ውስጥ ታንቆ ደም ከተቋረጠበት ጉዳዩ የሰዓታት ይሆናል፤ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ "ስንት ጊዜ ልተኛ?" የሚለው ጥያቄ ከባድ ጥያቄ ነው። መልሱ ከየት እንደመጣ እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሄርኒያ ምንድን ነው? የሆድ ግድግዳ ደካማ ቦታ ሲኖረው የውስጡ አካል በዚያ በኩል ገፍቶ ይወጣል። በብዛት የሚታየው ብሽሽት ላይ ነው፣ ይበልጡንም በወንዶች። በአማርኛ ቡአ የምንለው አንዱ ይህ ነው፤ ውሃ የቋጠረውንም በዚያው ስም እንጠራዋለን እንጂ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

አስተማማኝ ጥገና የጀመረው በጣሊያናዊው ሐኪም ኤዶአርዶ ባሲኒ ነው። ባሲኒ ወጣት ሳለ፣ በ1867 ሮም አጠገብ በተደረገ ውጊያ ብሽሽቱ ላይ በሳንጃ ተወግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የብሽሽትን አሠራር ጠንቅቆ አጠና፤ በ1884 ፓዶቫ ውስጥ አዲሱን ዘዴውን ጀመረ። ጡንቻውንና ሽፋኑን ወደ ታች ስቦ ከብሽሽቱ ጅማት ጋር ይሰፋዋል። በ1890 ባሳተመው ጽሑፍ 262 ቀዶ ሕክምናዎችን ዘገበ። ከዚያ በፊት ሄርኒያ ከተሠራ በኋላ መመለሱ የተለመደ ነበርና ውጤቱ ትልቅ ዜና ሆነ።

ችግሩ "መሳቡ" ላይ ነው። ራቅ ብለው የነበሩ ሁለት ጠርዞች በግድ ሲገናኙ ክሩ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሐኪሞችም ይህን ፈርተው ታካሚውን ሁለትና ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ያቆዩት ነበር። የጊንጪ ጎረቤቶቼ ምክር የዚያ ዘመን ቅሪት ነው ማለት ይቻላል።

እስቲ እንደ መሐንዲስ እናስብ። መተኛት ስፌቱን በእርግጥ ይጠብቀዋል? በ2005 የወጣ አንድ ጥናት 20 ጤነኛ ወጣቶች ሆድ ውስጥ ያለውን ግፊት ለካ። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነበር። ቆመው ሲያስሉ ከ100 አለፈ፤ ሲዘሉ ደግሞ ከዚያም በላይ። አያችሁ? አንድ ጊዜ ማሳል ከመቆም አምስት እጥፍ ያህል ግፊት ይፈጥራል። አልጋ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ያስላል፣ ያስነጥሳል፣ ሽንት ቤት ያምጣል። ሌላም አለ። የተሰፋ ቆዳ በሦስት ሳምንት ያለው ጥንካሬ ከጤነኛው ሩብ ግድም ነው፤ ወደ 80 በመቶ ለመድረስ ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ የሦስት ሳምንቱ አልጋ ጥገናው ጠንክሮ እስኪያልቅ የሚያቆይ አልነበረም። በአንጻሩ ረጅም መተኛት እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ጡንቻም ይሟሽሻል።

ልማዱን ከሰበሩት አንዱ ካናዳዊው ኧርል ሾልዳይስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሄርኒያ ምክንያት ከጦር ሠራዊት የተመለሱ ወጣቶችን መጠገን ፈለገ፤ በ1945 ቶሮንቶ ውስጥ ሆስፒታል ከፈተ። ታካሚዎቹ በአካባቢ ማደንዘዣ ተሠርተው ወዲያው እንዲራመዱ ይደረግ ነበር። በ1981 ደግሞ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ቶሎ ሥራ የጀመሩትን ዘግይተው ከጀመሩት ጋር አነጻጸረ። ቶሎ በመጀመር ምክንያት ሄርኒያው አብዝቶ አልተመለሰም።

ቀጣዩን እርምጃ ለመረዳት ወደ ማንኛውም ጎሚስታ ሂዱ። ጎማ ሲበሳ ጎሚስታው የቀዳዳውን ጠርዞች ስቦ አይሰፋም። ከቀዳዳው ሰፋ ያለ ላስቲክ ይለጥፍበታል፤ ግፊቱም በሰፊው ይከፋፈላል። ሐኪሞችም ይህንኑ አደረጉ። በ1958 አሜሪካዊው ፍራንሲስ አሸር የፕላስቲክ መረብ አስተዋወቀ። ከ1984 ጀምሮ ደግሞ ኧርቪንግ ሊክተንስታይን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጠርዞቹን ሳይስብ መረቡን ቀዳዳው ላይ ማንጠፍ ጀመረ። ሥጋ በመረቡ ቀዳዳዎች ውስጥ አድጎ ከግድግዳው ጋር ያዋሕደዋል። ዛሬ ይህ መረብ በአብዛኛው የሚሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ አዎ፣ የጊንጪ ገበያ ላይ ጤፍ ከሚጫንበት ማዳበሪያ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ።

ታዲያ መረቡ ውድ ከሆነስ? በ2016 የወጣ የኡጋንዳ ጥናት 302 ወንዶችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ በገበያ የሚሸጠው መረብ፣ ግማሾቹ ከአጎበር ጨርቅ ተቆርጦ በአግባቡ ከተህዋስያን የጸዳ መረብ ተደረገላቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሄርኒያው የተመለሰበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። በእኛ አገርም ከ2009 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች በማስተርስ ደረጃ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እየሠለጠኑ ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ይሄዳሉ፤ ከሚሠሯቸው ሥራዎች አንዱ የታነቀ ሄርኒያ ነው።

እሺ፣ ሳይክሉስ? በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ መልስ አጭር ነው፦ ጥገናው ያለ ችግር ካለቀ፣ እንደተመቻችሁ ወደ ተለመደው ሕይወታችሁ ተመለሱ። እርምጃ በዚያው ቀን ይጀመራል። ለሳይክል ጥሩ መፈተኛ አለ፦ ሜዳ ላይ ቆማችሁ እግራችሁን አንስታችሁ ኮርቻው ላይ ውጡ፣ በድንገት ፍሬን እንደያዛችሁ ሆናችሁ ውረዱ። ካመማችሁ ገና ነው። ካላመማችሁ በአስፋልት አጭር ርቀት ጀምሩ፤ ኮብልስቶንና ዳገት ይቆያችሁ። ኩንታል ማንሳትን በተመለከተ ብዙ ሐኪሞች ዛሬም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ታገሡ ይላሉ። የእናንተን ጥገና የሚያውቀው የሠራችሁ ባለሙያ ነውና ከመውጣታችሁ በፊት "በስፌት ነው በመረብ? መቼ ምን ላድርግ?" ብላችሁ ጠይቁት። ቁስሉ ካበጠ፣ ከመገለ፣ ትኩሳት ካላችሁ ወይም እብጠቱ ከተመለሰ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ።

እኔ በሦስተኛው ሳምንት ያንን ፈተና እናቴ ፊት አደረግኩት። ቁልፉ ከጤፍ ጎተራው ውስጥ ወጣ። አሁን የምፈልገው ይህ ወሬ መረሬ ለሚያርሰው ጎረቤታችን እንዲደርሰው ነው፤ ሕክምናውን ለከርሞ እያስተላለፈ ካለ፣ የፈራው ስድስት ወር የለም በሉት።