የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም

የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (በምህጻረ ቃል አብቁተ) ዋና መሥሪያ ቤቱን ባሕር ዳር አድርጎ በአማራ ክልል ከተሞችና ገጠሮች ብድር ሲሰጥና ቁጠባ ሲሰበስብ የቆየ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ነው። ዋና ደንበኞቹ ለባንክ የሚያስይዙት ቤት ወይም ተሽከርካሪ የሌላቸው አርሶ አደሮች፣ አነስተኛ ነጋዴዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ባንክነት ተሸጋግሮ ጸደይ ባንክ የሚለውን ስም ይዟል። ይህ ጽሑፍ የተቋሙን ታሪክና የብድር አሠራሩን፣ እንዲሁም በጎንደር ከተማ፣ በተለይም በአዘዞና በዙሪያው፣ ያለውን የሥራ ሁኔታ ይመለከታል።

አመሠራረት

ተቋሙ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት (አመልድ) አንድ ክፍል ሆኖ ነበር። አመልድ መነሻው በ1977ቱ ረሀብ ዘመን የተደረገ የእርዳታ ሥራ ነው። እህል ማደል የዕለት ችግርን እንጂ የከርሞውን እንደማይፈታ ስለታየ፣ ገበሬው በሬና ዘር ገዝቶ በራሱ እንዲቆም የሚያስችል ብድር አስፈለገ።

በ1988 ዓ.ም. የአነስተኛ ብድር ሥራን ፈቃድና ቁጥጥር የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 40/1988 ወጣ። አዋጁ ይህን ሥራ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ያዋለ ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራው ድርጅትም አክሲዮን ማኅበር መሆን እንዳለበት ደነገገ። አብቁተም በ1989 ዓ.ም. በዚሁ አዋጅ መሠረት ፈቃድ አግኝቶ ራሱን የቻለ አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ባለአክሲዮኖቹ የአማራ ክልል መንግሥት፣ አመልድ፣ የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ)፣ የአማራ ሴቶች ማኅበርና ጥረት ነበሩ። በዚህ የተነሳ ተቋሙ በሕግ የግል ኩባንያ መልክ ቢኖረውም፣ ዓላማውና ባለቤትነቱ ከክልሉ የልማት ሥራ ጋር የተሳሰረ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ለአንድ ሰው ከ5000 ብር በላይ ማበደርን አይፈቅድም ነበር። ገደቡ በኋላ ተነስቷል። ፎርብስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለምን 50 ቀዳሚ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት በደረጃ ሲያወጣ፣ አብቁተ ከመጀመሪያዎቹ አሥር መካከል ተቀምጧል።

የቡድን ዋስትና

የተቋሙ ዋነኛ ዘዴ የቡድን ብድር ነበር። በአንድ ቀበሌ የሚኖሩና የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች ራሳቸው ተመራርጠው ቡድን ይመሠርታሉ። የቀበሌው የብድርና ቁጠባ ኮሚቴም አመልካቾቹን ያጣራል። የቡድኑ አባላት የንብረት መያዣ አያቀርቡም፤ በመያዣ ፈንታ እያንዳንዱ ለሌሎቹ ዋስ ይሆናል።

አሠራሩን በቀላል ቁጥር ማየት ይቻላል። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 10,000 ብር ተበድረው አንዱ ሙሉውን ዕዳ መክፈል ቢያቅተው፣ የቀሩት አራቱ ከየራሳቸው ዕዳ ሌላ ለዋናው ገንዘብ ብቻ 2,500 ብር ይጨምራሉ። ዕዳው ካልተዘጋ ደግሞ ቡድኑ ቀጣይ ብድር አያገኝም። ስለዚህ አበዳሪው ሊያውቀው የማይችለውን፣ ማለትም ማን ታታሪ እንደሆነና ማን ገንዘብ እንደሚያባክን፣ ጎረቤት አስቀድሞ ይመዝነዋል።

የዘዴው ጥንካሬ የድክመቱም ምንጭ ነው። በሬው የሞተበት ወይም ታሞ የተኛ ሰው ዕዳ በጎረቤቶቹ ላይ ስለሚወድቅ፣ ለዓመታት የቆየ ጉርብትና ሊሻክር ይችላል። በጣም ድሃ የሆኑትን ደግሞ ወደ ቡድኑ የሚያስገባቸው ሰው አይገኝም፤ መክፈል ያቅታቸዋል ተብሎ ይፈራልና። በረዶ ወይም ድርቅ የአንድ አካባቢን ሰብል ሲያጠፋ ሁሉም አባላት በአንድ ጊዜ ስለሚጎዱ፣ የቡድን ዋስትና ብቻውን ዋጋ ያጣል።

ቁጠባና ወለድ

ተበዳሪዎች ከብድሩ ጎን መቆጠብ ይጠበቅባቸው ነበር። ከዚህ ሌላ ማንም ሰው በፈቃዱ ሊቆጥብ ይችላል። ተቋሙ ለሚያበድረው ገንዘብ ዋና ምንጭ የሆነውም ይኸው የሕዝብ ቁጠባ ነው። ተቋሙ የጡረታ አበልና የሴፍቲኔት ክፍያ በማከፋፈል ጭምር አገልግሏል።

ከመደበኛ አበዳሪ መምጣት በፊት የገጠሩ ሰው ችግር ሲገጥመው የሚሄደው ወደ ዘመድ፣ ወደ እቁብ፣ ካልሆነም ወደ አራጣ አበዳሪ ነበር። እቁብ ወለድ የለውም፤ ነገር ግን ዕጣው የሚወጣበት ቀንና ዘር የሚገዛበት ቀን ላይገጥሙ ይችላሉ። አራጣ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ገንዘቡ ቶሎ ስለሚገኝ እስካሁን አልጠፋም።

ተበዳሪዎች ከሚሳሳቱባቸው ነገሮች አንዱ የወለድ አሰላል ነው። ለምሳሌ 10,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ተበድሮ ዋናውን ገንዘብ በየወሩ እኩል እየከፋፈለ የሚመልስ ሰው፣ ወለዱ በመነሻው ብድር ላይ ከታሰበ በዓመቱ 1,200 ብር ወለድ ይከፍላል። በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ ከታሰበ ግን ወለዱ 650 ብር ብቻ ይሆናል። የወለዱ ምጣኔ በሁለቱም 12 በመቶ ነው፤ ክፍያው ግን በግማሽ ያህል ይለያያል። ስለዚህ ተበዳሪ ምጣኔውን ብቻ ሳይሆን አሰላሉንም መጠየቅ ይኖርበታል።

በአዘዞና በጎንደር ዙሪያ

አዘዞ ከጎንደር መሐል ከተማ በስተደቡብ የምትገኝ ስትሆን ዛሬ የከተማዋ አካል ናት። የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው እዚሁ ነው። ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድና ወደ መተማ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ የሚገናኙትም በአዘዞ ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት የደምቢያ ሜዳ ሲኖር፣ ከጎንደር በስተሰሜን ወገራ፣ ዳባትና ደባርቅ የገብስና የበግ አገር ናቸው። የእነዚህ አካባቢዎች ምርት ወደ ጎንደር ገበያ የሚገባ በመሆኑ፣ አነስተኛ ብድር የሚፈለግባቸው ሥራዎችም ከዚሁ ንግድ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ከብት ማድለብ ጥሩ ምሳሌ ነው። አድላቢው ቀጭን በሬ ገዝቶ ለጥቂት ወራት ይቀልብና ለአዲስ ዓመት፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ ያወጣዋል። በጎንደር ከመኖ መካከል የጠላና የአረቄ አተላ፣ እንዲሁም ከዳሸን ቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የብቅል ተረፈ ምርት ይገኙበታል። በሬው እስኪሸጥ ድረስ ገቢ ስለሌለ ለዚህ ሥራ የሚስማማው በዓመቱ ወይም በጊዜው መጨረሻ በአንድነት የሚከፈል ብድር ነው። በአንጻሩ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታቀርብ ወይም ጉልት የምትነግድ ሴት በየቀኑ ገቢ ስላላት፣ በየወሩ የሚከፈል ብድር ይቀላታል። የመክፈያው ጊዜ ከሥራው ዑደት ጋር ካልተስማማ ግን፣ አድላቢው በሬውን ሳይደልብ በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል።

በ2003 ዓ.ም. በወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ መሠረት፣ በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ 5 ሰው የሚያሠራና ከ100,000 ብር ያልበለጠ ሀብት ያለው ድርጅት ጥቃቅን ይባላል። ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራና ሀብቱ ከ1.5 ሚሊዮን ብር ያልበለጠው ደግሞ አነስተኛ ይባላል። በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ፣ በልብስ ስፌትና በመሳሰሉት የተደራጁ ማኅበራት በዚህ ክፍል ይገባሉ። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995/2009 ለተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም በአማራ ክልል አበዳሪው አብቁተ ነበር።

ለማሽን መግዣ ሌላ መንገድ አለ። ዋልያ የካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ አክሲዮን ማኅበር በክልሉ ለአነስተኛ አምራቾች ማሽን ገዝቶ ያቀርባል። አምራቹ ከዋጋው የተወሰነውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ቀሪውን እየሠራበት በየጊዜው ይከፍላል። ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ የማሽኑ ባለቤት አቅራቢው ስለሆነ፣ ማሽኑ ራሱ እንደ መያዣ ያገለግላል።

ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ያለው ግንኙነት

የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ይለያሉ። ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ቆጣቢዎቹ ናቸው፤ የሚያበድሩትም ለአባሎቻቸው ነው፤ የሚተዳደሩትም በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። የገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበራት ደግሞ ተሰባስበው ዩኒየን ያቋቁማሉ። መቀመጫው ጎንደር የሆነው ጸሐይ ዩኒየን ከእነዚህ አንዱ ነው።

ሁለቱ ወገኖች በማዳበሪያ አቅርቦት ይገናኙ ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ በክልሉ በተጀመረው የግብዓት ቫውቸር አሠራር፣ ገበሬው ከአብቁተ በጥሬ ገንዘብ ወይም በብድር ቫውቸር ይወስድ ነበር፤ ቫውቸሩን ለመሠረታዊ ማኅበሩ ሰጥቶም ማዳበሪያ ይረከብ ነበር። የማኅበሩ ሠራተኛ ጥሬ ገንዘብ ስለማይነካ ጉድለት ይቀንስ ነበር፤ ማኅበሩም ገበሬውን እየዞረ ዕዳ ከመሰብሰብ ይድን ነበር።

የመሬት ይዞታ ደብተር እንደ መያዣ

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሆኖም የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለፋይናንስ ተቋም እንዲያስይዝ ፈቅዷል። በዚህ መሠረት ካርታ ያለበት የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ደብተር ያለው ሰው ያለ ቡድን በግሉ መበደር ቻለ። ዕዳው ባይከፈል አበዳሪው የሚያገኘው መሬቱን ሳይሆን በተወሰነ ጊዜ የመጠቀምን መብት ነው። ደብተሩ አብዛኛውን ጊዜ በባልና በሚስት ስም ስለሚወጣ፣ ብድሩ የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል።

ወደ ባንክነት መሸጋገርና ያስከተለው ጥያቄ

ብሔራዊ ባንክ ትልልቅ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ወደ ባንክነት እንዲያድጉ ከፈቀደ በኋላ፣ የኦሮሚያው ስንቄ ባንክ፣ የደቡቡ ኦሞ ባንክና ጸደይ ባንክ በዚህ መንገድ ተመሥርተዋል። ባንክ መሆን የውጭ ምንዛሪ አገልግሎት ለመስጠትና ትልልቅ ተቀማጮችን ለመሳብ ያስችላል። ነገር ግን ለአንድ ትልቅ ነጋዴ ማበደር ለብዙ መቶ ገበሬዎች ከማበደር ያነሰ ወጪ ስላለው፣ ባንኩ ቀስ በቀስ ከድሃው ደንበኛ ይርቅ ይሆን የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከዚህም ሌላ ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ ገደቡ በኋላ ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ገደብ ሲኖር ባንኩ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ሽግግሩ የተደረገው በአስቸጋሪ ጊዜ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት እስከ ዳባት አካባቢ ደርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ የትጥቅ ግጭት ቀጥሏል። መንገድ ሲዘጋ የደለበው በሬ ገበያ አይደርስም፤ የብድር ሠራተኛም ወደ ቀበሌ አይወጣም፤ የመክፈያው ቀን ግን አይጠብቅም። እንዲህ ባለ ጊዜ የመክፈያ ጊዜን ማራዘም ለተበዳሪው እፎይታ ይሰጣል፤ ሆኖም የሚበደረው ገንዘብ የሌላ ቆጣቢ ገንዘብ በመሆኑ፣ ተቋሙ ሁለቱንም ሚዛን ጠብቆ መሄድ ይኖርበታል።