ጀርባ የሌለው ፎቶ

በእኛ አገር ሳሎን ውስጥ ፎቶ ዝም ብሎ አይሰቀልም። ምስማሩን የሚመታው አባት ቢሆንም፣ የትኛው ፎቶ የት እንደሚውል የምትወስነው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ጥቁር ጋዋን የለበሰው ተመራቂ ከበሩ ፊት ለፊት ይሰቀላል፤ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ እንዲያየው። ሙሽሮቹ ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ከለበሰው ቴሌቪዥን ጎን ይቆማሉ። በሕይወት የሌሉት አያት ከሁሉም ከፍ ብለው፣ ከእመቤታችን ሥዕል ግን ዝቅ ብለው ይሰቀላሉ። ተመራቂው አምስት ዓመት ሥራ ቢያጣ እንኳ ጋዋኑ ከግድግዳ አይወርድም። ደብረ ታቦር ይሁን ንፋስ መውጫ፣ ወረታ ይሁን አዲስ አበባ፣ የግድግዳው ሕግ ብዙ አይለያይም።

ዲጂታል ፍሬም የመጣው እንግዲህ በዚህ ግድግዳ ላይ ነው። ላላያችሁት፣ የመጽሐፍ ያህል ስፋት ያለው ስክሪን ነው። ፎቶዎቹን በሚሞሪ ካርድ ወይም በዋይፋይ ትጭኑበታላችሁ፤ እሱ ደግሞ በየጥቂት ሰከንዱ እያፈራረቀ ያሳያችኋል። አሜሪካ ያለች ልጅ በስልኳ የላከችው ፎቶ ደብረ ታቦር ሳሎን ውስጥ ብቅ ይላል። እኛ አልጠላነውም። እንዲያውም ለናፍቆት ከተሠሩ ዕቃዎች ሁሉ ይሄኛው ሳይሻል አይቀርም። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ጀርባ የለውም።

ቀልድ አይደለም። የፎቶ ጀርባ፣ ማለትም ስምና ቀን የሚጻፍበት ያ ባዶ ወረቀት፣ በታሪካችን ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንደሠራ ለማየት ከጉና ግርጌ እንነሣ።

ፎቶ የሌላቸው ንጉሥ፣ ፎቶ የበዛለት ልጅ

ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ሥር ያለችው ደብረ ታቦር የአፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ነበረች። አጠገቧ ባለችው ጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ለንጉሡ መድፍ ያቀልጡ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተወለደው እዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ያንን ከባድ መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አቀኑ። ጉዞው ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ግን የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ፎቶ አንሺዎችም ይዞ እንደነበር ነው። የጦሩ መሐንዲሶች ክፍል አባላት ነበሩ። በዚያ ዘመን ፎቶ ማንሳት ማለት የመስታወት ሰሌዳ፣ ኬሚካልና የጨለማ ድንኳን ተሸክሞ ተራራ መውጣት ነው። ካርታ በፎቶ ያባዙ ነበር፤ ተራራውን፣ አምባውን፣ የተፈቱትን አውሮፓውያን እስረኞች አነሱ። ቴዎድሮስን ግን አላገኟቸውም። የአፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሣ የሚታወቅ ፎቶግራፍ የለም። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ፊታቸውን የሣለው ከሞቱ በኋላ ነው። ይኸው ሰው ነገሥታቱ ለጦርነት ሲወጡ የሚያስይዙትን የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ለራሱ ይዞ አገሩ ገባ። ዛሬ በየቲሸርቱና በየባጃጁ ላይ የምናያቸው ቴዎድሮስ፣ ሹሩባቸውም ዓይናቸውም፣ የሠዓሊ እጅ ሥራ ናቸው።

ልጃቸው ዓለማየሁ ግን በተቃራኒው ነው። አባቱ ሲሞቱ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ አረፉ። ልጁ እንግሊዝ ደረሰ። በዚያው ዓመት ክረምት፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት በቀረበበት በዋይት ደሴት፣ በዘመኑ ከነበሩት ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀመጠ። ከዚያም በየጊዜው ፎቶ ተነሣ። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ እንግሊዝ ውስጥ የዚህን ልጅ ፊት የሚያውቅ ብዙ ሰው ነበር። ከተወለደበት አገር ግን ፎቶውን የሰቀለ ግድግዳ አልነበረም።

ካሜሮን ከፎቶዎቹ በአንዱ ሥር ምን ብላ እንደጻፈች ልብ በሉ፤ «ደጃች ዓለማየሁና ባሻ ፈለቀ»። ባሻ ፈለቀ የተባለው አማርኛ የሚያውቀውና ልጁን ይጠብቅ የነበረው እንግሊዛዊው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ በፎቶው ላይ የሐበሻ ልብስ ለብሷል። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ የካሜሮን ፎቶዎች ሲታዩ፣ ያ አንገቱን ያቀረቀረ ሕፃን «ስሙ ያልታወቀ አፍሪካዊ ልጅ» አልነበረም። ስም ነበረው፣ ማዕረግም ነበረው። ከ150 ዓመት በኋላ ልጁን ለእኛ ያቆየልን ምስሉ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የተጻፈችው ያቺ መስመር ናት።

ጋሻው የቆመበት ቦታ

ፎቶ በእኛ አገር መጀመሪያ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር። በምኒልክ ዘመን ከመጡት አርመኖች አንዱ ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ከነገሥታቱ ጋር ቆዩ። ከቤተ መንግሥት ወደ መኳንንቱ፣ ከመኳንንቱ ወደ ነጋዴው፣ ከዚያም «ፎቶ ቤት» የሚል ሰሌዳ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ተሰቀለ። ገበሬው ለገበያ ሲወጣ፣ ወታደሩ ለግዳጅ ሲሄድ፣ ተማሪው ለመታወቂያ ሲፈልግ ፎቶ ቤት መግባት ጀመረ። በእነዚያ ፎቶዎች ላይ የሚስቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ፎቶ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ስለሆነ እንደ ፍርድ ቤት ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው።

ፎቶ ግን ባዶ ቦታ ላይ አላረፈም። በደጋው አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ለቅሶው ላይ ጋሻውና ጦሩ፣ ጠመንጃውና ልብሱ ይወጣል፤ ፈረሱ ተሸልሞ ይሳባል። ሰውየው የለም፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር የሚመሰክሩት ዕቃዎቹ ናቸው። አልቃሿ እያየቻቸው ነው ሙሾ የምታወርደው። ፎቶ ሲመጣ እዚያው ገባ። ዛሬ ለቅሶ ላይ ተጎልቶ የታጠበ የሟች ፎቶ ደረት ላይ ተይዞ የምናየው ጋሻው ይቆም በነበረበት ቦታ ነው። ከተስካሩ በኋላ ያ ፎቶ ሳሎን ይገባና ለዘለዓለም ይሰቀላል። እኛ ከተሜዎቹ «እማዬ ይሄን ነገር ብናወርደው፣ ሳሎኑን አጨለመው» የምንለው ያንን ነው። እናቶቻችን እሺ የማይሉበት ምክንያት አላቸው፤ ለእነሱ ያ ጌጥ ሳይሆን ምስክር ነው።

ከዚያ ደግሞ የፎቶ ልውውጥ መጣ። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ተማሪዎች ሲለያዩ ጉርድ ፎቶ ይሰጣጡ ነበር፤ ከጀርባው «ለማስታወሻ ይሁንህ» ተብሎ፣ ስም፣ ፊርማ፣ ከተማና ቀን ይጻፍበታል። የአንድን ቤተሰብ የድሮ አልበም የገለጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ግማሹ ታሪክ ያለው ከፊት ሳይሆን ከጀርባ ነው።

ግድግዳው አደገኛ የሆነበት ዘመን

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ በየቢሮውና በየሳሎኑ የነበረው ፎቷቸውም አብሮ ወረደ። ግድግዳ ላይ ማን እንዳለ ፖለቲካ መሆኑን አገሩ በአንድ ጊዜ ተማረ። ቀይ ሽብር ሲመጣ የከፋው ፎቶ የባለሥልጣን ሳይሆን የጓደኞች ሆነ። አምስት ወጣቶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የተነሡት ፎቶ ማን ከማን ጋር እንደሚተዋወቅ ያሳብቃል። ከጀርባው ስማቸው ከተጻፈማ ዝርዝር ነው። ያን ዘመን ያዩ ታላላቆቻችን መጽሐፍና ወረቀት ሲቃጠል አብሮ የተቃጠለውን ፎቶ ዛሬም ያነሡታል። ስም ያለበት ፎቶ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ያልተቃጠሉት ዛሬ መስቀል አደባባይ ናቸው። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ግድግዳ ሙሉ የወጣቶች ፎቶ አለ። ቤተሰብ ከየሳጥኑ አውጥቶ የሰጠው ነው። ብዙዎቹ ተራ ጉርድ ፎቶዎች ናቸው፤ ማንም ለሙዚየም ብሎ ያነሣቸው አይመስሉም። ፀጉራቸው አፍሮ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፊ፣ ዕድሜያቸው የእኛ ወይም ከእኛ ያነሰ። ሙዚየሙን ሙዚየም ያደረገው አንዲት እናት ልጄ ይሄ ነው፣ ስሙ ይሄ ነው ማለት መቻሏ ነው። ፎቶውን ደብቃ ያቆየችው እሷ ናት። ከብዙ ፎቶ መካከል ይሄኛው አይጠፋም ብላ መርጣለች።

በስልክ መስመር የገባው ፍሬም

አሁን ወደ ዲጂታሉ እንመለስ። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ነው፤ አንዱን ጥቁርና ነጭ ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ኮዳክ ፊልሙን ላለመጉዳት ሲያመነታ ዓለም አለፈው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሴይቫ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ማታ ማታ በስልክ መስመር ራሱ ደውሎ አዳዲስ ፎቶ የሚያወርድ ፍሬም ይዞ ብቅ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ኮምፒዩተር የማይነኩ አያት ጠዋት ሲነሡ የልጅ ልጃቸውን አዲስ ፎቶ እንዲያዩ። ዛሬ በዋይፋይ የሚሠሩት ሁሉ የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ ሐሳብ የት ይገኛል? ልጆቿ ዋሽንግተን፣ ሪያድና አዲስ አበባ ለተበተኑባት እናት ፍሬሙ የቡና ወሬ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ፍሬሙ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ኢንተርኔትም ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለበርካታ ወራት ቆይቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የግድግዳው አያት ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ከመብራቱም ከኢንተርኔቱም የሚብሰው ግን ይሄ ነው፤ ፍሬሙ መምረጥን ያስቀርልናል። አምስት መቶ ፎቶ ከጫንበት ተመራቂውም፣ ሟቹም፣ ምሳ ላይ የተነሣው ክትፎም እኩል ጥቂት ሰከንድ ያገኛሉ። ስማቸውም በፊደልና በቁጥር የተሠራ የፋይል ስም ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የላክነው ደግሞ መጠኑ ይቀንሳል፣ የተነሣበት ቀንም ከፋይሉ ውስጥ ይጠፋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ልጅ ያንን ካርድ ቢያገኝ አምስት መቶ ጥርት ያሉ ፊቶች ያያል፤ አንዱንም አያውቅም። የካሜሮን መስታወት ሰሌዳ የያዘውን ነገር የእኛ ስልክ ጣለው ማለት ነው።

ስለዚህ ለእናታችሁ ዲጂታል ፍሬም ልትልኩ ካሰባችሁ ላኩ። ግን ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ አምስት መቶ ሳይሆን ሠላሳ ፎቶ ምረጡ፤ ምርጫውንም አብራችሁ አድርጉት፣ የግድግዳው ሚኒስትር እሷ ናትና። ሁለተኛ፣ ፎቶዎቹን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ፤ የፋይሉንም ስም በሰውየው ስም፣ በቦታውና በዓመተ ምሕረቱ ቀይሩት። ሦስተኛውና ዋናው፣ በመጪው የቡሄ ወይም የመስቀል በዓል አገር ቤት ስትገቡ የድሮውን አልበም አውርዱና ከታላላቆቻችሁ ጋር ቁጭ በሉ። «ይሄ ማነው? ይቺስ? የት ነው? መቼ ነው?» እያላችሁ ጠይቁ። የሚሉትን በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ሰርጎ ምስሉን ያበላሻል። አስፈላጊዎቹን ደግሞ በስልካችሁ ፊትም ጀርባም አንሡ።

ይሄ ሥራ ቀነ ገደብ አለው። የአልበሙን ሰዎች በስም የሚያውቁት አክስት ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። እሳቸው የነገሩንን ስም ከጻፍነው በኋላ ምስሉ በወረቀትም ይሁን በስክሪን ቢታይ ግድ የለንም።