ናቅፋ፣ ብርና የዛላምበሳ በር

የ1990 ባች ጓደኞቼ ታስታውሱ ይሆናል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስንመርጥ እኔ የወሰድኩት «የኢትዮጵያና የኤርትራ ንግድ» የሚለውን ነበር። አማካሪዬ «ቀላል ነው» አሉኝ። እውነትም ይመስል ነበር። ከ1985ቱ የኤርትራ ነጻነት በኋላም ሁለቱ አገሮች የሚገበያዩት በብር ነበር። አብዛኛው የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ዕቃ በአሰብ ያልፋል፤ የኤርትራም ትልቋ ገበያ ኢትዮጵያ ነበረች።

ጽሑፌ ሳያልቅ ግን ንግዱ አለቀ። በዚያው ዓመት ኤርትራ ናቅፋን አወጣች። አስመራ ሁለቱ ገንዘቦች በሁለቱም አገር እኩል ይሥሩ አለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ግብይት በውጭ ምንዛሪ፣ በባንክ ኤል ሲ ይሁን አለች። ሁለቱም «እሺ» ብለው የሚቀበሉት ዳኛ አልነበረም። ጦርነቱን ያመጣው ገንዘብ ብቻ ነው አልልም፤ ግንቦት ላይ ጥይት ከመተኮሱ በፊት ግን ነጋዴው መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር።

አባቱ ከአሰብ ጭነት የሚያመላልሱ አንድ ጓደኛችን ነበር። በምረቃ መጽሔታችን ፎቶው አለ፤ በምረቃው ቀን ግን አልነበረም።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ ድንበር ሲከፈት ደወለልኝ። ጥቅምት ላይ እዚያው ተገናኘን፣ ተቃቅፈን አለቀስን። በአጠገባችን እህልና ሲሚንቶ የጫኑ መኪናዎች ወደ ኤርትራ ያልፋሉ። እኛም ጤፍ ልንነግድ አስበን ሒሳብ ጀመርን። ናቅፋው በስንት ብር ይመነዘራል? ቀረጡስ? ዕቃው ቢያዝ ለማን አቤት ይባላል? የጠየቅነው ሁሉ «እሱ ገና ነው» አለን። ምንዛሪውን የሚቆርጠው እዚያው የቆመው ነጋዴ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ዛላምበሳ ተዘጋ። ሚያዝያ ሲደርስ የተከፈቱት ሌሎች በሮችም ተዘግተው ነበር። እኛ ጤፉን ገና አልገዛንም ነበርና ተረፍን፤ ብድር ወስደው የጫኑት ግን ምን ይበሉ?

በ1990 ደንቡ ነበረ፣ ስምምነቱ ግን አልነበረም። በ2011 ደግሞ ፍቅሩ ነበረ፣ ደንቡ አልነበረም። ሁለቱም ጊዜ ንግዱ ቆመ። መሪዎች ሲታረቁ በር ይከፈታል፤ በሩን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ግን የታወቀ ታሪፍ፣ በባንኮች መካከል ያለ ውልና ነጋዴው ቢበደል የሚሰማው ዳኛ ነው እኮ።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ርዕስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ካጋጠማችሁ አደራ፣ «ቀላል ነው» አትበሉት።