የቀዩ የደም ሕዋስ በር፦ የሕዋስ ሽፋን፣ ኦርጋኔሎችና የወባ ታሪክ በእኛ ቆላ



ለዛሬው ገለጻ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የወጣው ርእስ «የሕዋስ ሽፋንና የኦርጋኔሎች ታሪክ» የሚል ነው። ርእሱን ያዩ አንድ ባልደረባዬ «ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ትክክል ናቸው፤ አይሞከርም። ስለዚህ ከሕዋሶች ሁሉ ቀዩን የደም ሕዋስ ብቻ፣ ከበሽታዎችም የአርባ ምንጭ ሰው አሳምሮ የሚያውቀውን ወባን ይዤ እሄዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ጥፋቴን ልናገር። ለብዙ ዓመታት ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ስለ ሕዋስ ሽፋን ሳስተምር፣ ከአንድ የውጭ አገር መማሪያ መጽሐፍ የቀዳሁትን ዓረፍተ ነገር አስጽፍ ነበር። እንዲህ ይላል፦ አፍሪካውያን በቀይ የደም ሕዋሳቸው ሽፋን ላይ ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን ስለሌላቸው በፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ ወባ አይያዙም። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እኔ ባለፈው ጥቅምት ጤና ጣቢያ ተመርምሬ ቫይቫክስ ነው ተብዬ መድኃኒት ወስጃለሁ። ታዲያ እኔ አፍሪካዊት አይደለሁም ማለት ነው?» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

ያሳፈረኝ አለማወቄ አልነበረም። እኔ ራሴ ቫይቫክስ ይዞኝ ያውቃል። የተወለድሁት ደጋ፣ ጨንቻ አካባቢ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚያ አገር 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው አርባ ምንጭ ለመውረድ ከ40 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መንገድ ይበቃል። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መዲናም ይህንኑ መንገድ ተከትላ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወርዳለች። እናቴ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስወርድ የመከረችኝ ስለ ትምህርት አልነበረም፤ ውኃ ዳር እንዳላመሽ ነበር። በመጀመሪያው ኅዳር አንቀጠቀጠኝ። መራራውን ክሎሮኪን ውጬ ዳንሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደጋ ቤታችን ተቀምጬ፣ የወባ ትንኝ በሌለበት ብርድ፣ እንደገና አንቀጠቀጠኝ። እናቴ «ቆላው ተከትሎህ መጣ» አለች። ሳይንሱ ይህን ያረጋገጠው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ቫይቫክስ በጉበት ሕዋሶች ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ የሚነሣ ዓይነት አለው። ይህን ሁሉ በገላዬ እያወቅሁ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም ግን ተቃራኒውን ጻፍሁ። ሁለቱ ዕውቀቶች አንድ ጭንቅላት ውስጥ ሳይተዋወቁ ኖሩ። ዛሬ ላስተዋውቃቸው እሞክራለሁ።

ታሪኩ ከቀዩ የደም ሕዋስ የሚጀምርበት በቂ ምክንያት አለው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ሲጎለምስ ኒውክሊየሱን አውጥቶ ይጥላል፤ ሚቶኮንድሪያ የለውም፤ ሌሎቹንም ኦርጋኔሎች ያጣል። የሚቀረው ሄሞግሎቢን የሞላበት አንድ ከረጢት ነው። ሌላ ሕዋስ ፈጭተን ቅባቱን ብንለካ የውጩ ሽፋንና የውስጥ ኦርጋኔሎች ሽፋን ይቀላቀሉብናል። በቀዩ የደም ሕዋስ ግን ያለው ሽፋን አንድ ብቻ ነው። ይህን የተጠቀሙበት ኔዘርላንድ፣ ላይደን የነበሩት ጎርተርና ግሬንደል ናቸው፤ ጎርተር የሕፃናት ሐኪም ነበር። በ1925 ባወጡት ጽሑፍ ከሰው፣ ከውሻ፣ ከበግና ከሌሎች እንስሳት ደም ቅባቱን በአሴቶን አውጥተው ውኃ ላይ በአንድ ሞለኪውል ውፍረት ዘረጉት። የተዘረጋው ስፋት ከሕዋሶቹ የገጽ ስፋት እጥፍ ያህል ሆነ። ስለዚህ ሽፋኑ ሁለት ንብርብር ቅባት ነው አሉ።

ስለ እነዚህ ሰዎች የምወደው አንድ ነገር አለ። ሁለት ስሕተት ሠርተዋል። አሴቶኑ ቅባቱን ሁሉ አላወጣም፤ የሕዋሱንም ስፋት የለኩት ደርቆ በተኮማተረ ሕዋስ ላይ ስለነበር አሳንሰውታል። ሁለቱ ስሕተቶች እርስ በርስ ተጣፉና መልሱ ትክክል ወጣ። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግር «ታዲያ የእኛ የላቦራቶሪ ሪፖርት ለምን ማርክ ይቀነስበታል?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማርኩ ግን መቀነሱን ይቀጥላል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። በ1935 ዳኒየሊና ዳቭሰን ቅባቱን በፕሮቲን አለበሱት፤ በ1950ዎቹ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሽፋኑን በዓይን አሳየ፤ በ1972 ሲንገርና ኒኮልሰን ፕሮቲኖቹ በቅባቱ ውስጥ እንደሚንሳፈፉ የሚገልጸውን፣ ዛሬም የምናስተምረውን ሞዴል አቀረቡ። በሕዋስ ውስጥ ያሉትን ኦርጋኔሎች አንድ በአንድ ለይተው ያሳዩት ክሎድ፣ ደ ዱቭና ፓላዴ በ1974 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ከሽፋኑ ላይ ከሚንሳፈፉት ፕሮቲኖች አንዱ ነው።

በ1950 እንግሊዝ አገር ደም በተደጋጋሚ የተሰጠው አንድ ሄሞፊሊያ ያለበት ሕመምተኛ፣ የሌላውን ሰው ደም የሚያጠቃ አንቲቦዲ በደሙ ውስጥ ተገኘበት። ስሙ ዳፊ ነበር፤ ፕሮቲኑም በስሙ ተጠራ። በ1955 ሳንገር፣ ሬስና ጃክ አፍሪካዊ ዝርያ ካላቸው አሜሪካውያን መካከል ብዙዎቹ ይህ ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ፈጽሞ እንደሌላቸው አገኙ። ለ20 ዓመት ያህል ይህ ነገር የደም ባንክ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በ1975 የዝንጀሮ ወባ የሆነው ፕላዝሞዲየም ኖውለሲ ዳፊ የሌለውን የሰው ቀይ የደም ሕዋስ መውረር እንደሚያቅተው በላቦራቶሪ አሳዩ። በ1976 ደግሞ ለቫይቫክስ ተጋልጠው የነበሩ ፈቃደኞችን የደም ዓይነት መርምረው፣ ያልተያዙት ዳፊ የሌላቸው መሆናቸውን ጻፉ።

የወባው ተሕዋስ እንዴት እንደሚገባ ስናይ ግኝቱ ምን ያህል እንደሚያምር ይገባናል። ሜሮዞይት የምንለው ወራሪ ቅርጽ ከፊት ጫፉ ላይ ሮፕትሪና ማይክሮኒም የተባሉ ኦርጋኔሎች አሉት፤ ሁለቱም የመውረሪያ ፕሮቲን የታጨቀባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው። ሜሮዞይቱ ቀዩን ሕዋስ ሲነካ ጫፉን ያዞራል፤ ከረጢቶቹን ይከፍታል፤ የሕዋሱን ሽፋን ሳይቀድደው ወደ ውስጥ እያጠፈው ይገባል፤ በሩም ከኋላው ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሰከንዶች ውስጥ ነው። የቫይቫክስ ሜሮዞይት የሚጨብጠው እጀታ ዳፊ ነው። እጀታው ከሌለ በሩ አይከፈትም። ፕሮቲኑ ግን ለወባ የተሠራ አይደለም፤ ኬሞካይን የሚባሉ የሰውነት መልእክቶችን የሚቀበል ነው። በ1995 እንደታወቀው፣ እጀታው የሚጠፋው በአንድ ፊደል ለውጥ ነው፤ ለውጡም ጂኑን የሚያጠፋው በቀዩ የደም ሕዋስ ዘር ላይ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ዓረፍተ ነገር የተሳሳተው። ዳፊ የማጣት ጉዳይ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሰው የሚያካልለው በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ጸሐፊ «አፍሪካውያን» ሲል በዓይኑ የነበረው ያ አካባቢና ከዚያ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ዘር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እጀታው ያላቸውም የሌላቸውም ሕዝቦች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ይጋባሉም። በ1981 ማቲውስና አርምስትሮንግ የዳፊ የደም ዓይነትንና የቫይቫክስን ግንኙነት በኢትዮጵያ አጥንተው አሳትመዋል። ጽሑፉ የታተመው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። መምህር ሆኜ ያን የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ሳስጽፍ፣ በጉዳዩ ላይ የአገሬ መረጃ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ነበር፤ አልፈለግሁትም። የተማሪዬ መልስ እንግዲህ አጭር ነበር፦ አፍሪካዊት ነሽ፤ እጀታው ሊኖርሽ ይችላል።

ሊኖርሽ ይችላል ያልሁት ሳላመነታ አይደለም፤ ታሪኩ እዚያ አላቆመምና። በ2010 ሜናርና ባልደረቦቹ ከማዳጋስካር፣ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ መታመማቸውን በግልጽ አሳዩ። በ2013 ከኢትዮጵያም ተመሳሳይ ጽሑፍ ወጣ፤ በ2015 ደግሞ ሎና ባልደረቦቹ ከጅማ አካባቢ ሰፋ ያለ ጥናት አቀረቡ። በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ የሚታየው የተሕዋስ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው። ታዲያ በየት በኩል ገባ? አንዳንዶች ተሕዋሱ የመጨበጫ ጂኑን እያባዛ ሌላ እጀታ መፈለጉን ጠረጠሩ። በ2023 የወጣ ሥራ ደግሞ፣ ዳፊ የለውም የምንለው ሰው እንኳ በመቅኔ ውስጥ ገና እየተሠሩ ባሉ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ላይ ፕሮቲኑን ለአጭር ጊዜ እንደሚያወጣ አሳየ። በሩ ተዘግቷል ያልነው ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አይተነው ሊሆን ይችላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አሳብ አደላለሁ፤ ክርክሩ ግን ክፍት ነው፤ መልሱም ሊወጣ ከሚችልባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ የእኛ ናት።

ስለ ሽፋን ስናገር በሩ ላይ ብቻ ከቆምሁ ግማሹን ተውሁ ማለት ነው። ተሕዋሱ ከገባ በኋላ የሚበላው ሄሞግሎቢን ነው። የሚፈጨው በአንድ ኦርጋኔል ውስጥ፣ አሲድ በሞላበት የምግብ ቫኪዩል ነው። ከሄሞግሎቢን የሚተርፈው ሄም ለራሱ ለተሕዋሱ መርዝ ነው፤ ስለዚህ ወደ ቡናማ ክሪስታል ይለውጠዋል። ላቬራን በ1880 አልጄሪያ ውስጥ በወታደር ደም ያየው ጥቁር ነጠብጣብ ይኸው ነው። ክሎሮኪን ሽፋኖቹን አልፎ ቫኪዩሉ ውስጥ ይገባል፤ በአሲዱ ምክንያት ኤሌክትሪክ ሙል ይይዝና መውጣት ያቅተዋል፤ እዚያው ተጠራቅሞ ክሪስታሉ እንዳይሠራ ያግዳል። ተሕዋሱ በገዛ ምግቡ ይመረዛል። እኔን ያዳነኝ መራራ እንክብል ሥራው ይህ ነበር።

ፋልሲፓረም ግን በዚያው ቫኪዩል ሽፋን ላይ ያለውን አንድ ማስተላለፊያ ፕሮቲን ለወጠ። የተለወጠው ፕሮቲን ክሎሮኪኑን መልሶ ያስወጣዋል። ለውጡ በ1950ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ታየ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰ። በ1998 ኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ክሎሮኪንን ትታ ፋንሲዳርን፣ በ2004 ደግሞ እኛ ኮአርተም የምንለውን መድኃኒት የመጀመሪያ ምርጫ አደረገች። የጤና ጥበቃ መመሪያዎችን ከላይ እስከ ታች ብታነቡ ስለ ሽፋን አንድ ቃል አታገኙም፤ ነገር ግን መመሪያውን ያስለወጠው፣ በማይክሮስኮፕ እንኳ በቅጡ የማይታይ የአንድ ኦርጋኔል ሽፋን ነው። ለቫይቫክስ ክሎሮኪን ቀጠለ፤ በ2008 ግን ከደብረ ዘይት መድኃኒቱን የተቋቋመ ቫይቫክስ መኖሩ ታተመ። ይህ ተሕዋስ እንዴት እንደሚቋቋም እስካሁን እንደ ፋልሲፓረም ግልጽ አልሆነም።

ጤና ጣቢያው ሁለቱን ለይቶ ማወቁ ስለዚህ የሕይወት ጉዳይ ነው። በጊምዛ ቀለም በተነከረ ስላይድ ላይ የፋልሲፓረም የወሲብ ቅርጽ እንደ ሙዝ ይጎብጣል፤ ለአርባ ምንጭ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ቫይቫክስ የያዘው ሕዋስ ደግሞ ያብጣል፤ በላዩም ሮዝ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነዚያ ነጠብጣቦች ተሕዋሱ በቀዩ የደም ሕዋስ ሽፋን ላይ የሠራቸው ትንንሽ ጉድጓዶችና ከረጢቶች ናቸው። ጎርተርና ግሬንደል ባዶ ከረጢት ብለው የመረጡት ሕዋስ እንግዳው ከገባበት በኋላ ባዶ አይደለም።

ያን ዓረፍተ ነገር ከማስተማሪያ ጽሑፌ አውጥቼዋለሁ። በምትኩ የገባው አንድ ሙሉ ገጽ ሆኗል፤ ተማሪዎች ለፈተና ይረዝማል ብለው አጉረምርመዋል። በሚቀጥለው ሳምንት በተግባር ትምህርቱ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ስላይድ ይቀበላል፤ ምልክት የለባቸውም። የትኛው የየትኛው እንደሆነ ከነነጠብጣቡ ሥላችሁ ታመጡልኛላችሁ።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ አለን።