አብሮ ሯጭ ካሜራ

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ነው። ባለፈው ጥር አያቱን አዲስ አበባ ደውሎ ሲያወራት፣ ባጠራቀመው 150 ዶላር ምን ሊገዛ እንዳሰበ ጠየቀችው። «ጎፕሮ» አላት። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» «አክሽን ካሜራ ነው፣ እማዬ።» እናቴ ትንሽ ዝም አለችና «የድብድብ ፊልም ልትሠራ ነው?» አለችው። ልጁ ስልኩን በእጁ ሸፈን አድርጎ ወደ እኔ ዞረ፤ «ጋሼ፣ ይሄን በአማርኛ ምን ልበላት?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ማታ ጀምሮ ስሙን ስፈልግ፣ ከልጁ ጋር ደግሞ ካሜራውን ስንመርጥ ሰነበትን። ሁለቱ አንድ ሥራ መሆናቸው የገባኝ ውሎ አድሮ ነው። ዕቃው ምን እንደሚያደርግ በደንብ የሚናገር ስም ስናገኝለት፣ የቱን እንደምንገዛም አብሮ ታወቀ።

እናቴ አልተሳሳተችም። «አክሽን» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ከፊልም ጋር የተጣበቀ ነው፤ ሲጠራ የሚታየን ጡጫና ተኩስ ነው። «የድርጊት ካሜራ» እንበል ቢባል፣ ድርጊት በዜና ላይ «የወንጀል ድርጊት» ሲባል ስለኖረ የፖሊስ ጣቢያ ዕቃ ይመስላል። «የእንቅስቃሴ ካሜራ» ሻል ይላል፤ ግን አጥር ላይ ተሰቅሎ ሰው ሲያልፍ የሚነቃውን የጥበቃ ካሜራ ያሳስባል። «የስፖርት ካሜራ» ሲባል ደግሞ ስታዲየም ዳር በሦስት እግሩ የቆመው ግዙፉ የቴሌቪዥን ካሜራ ይመጣብናል። የታሸገ ውኃን ሁሉ «ሀይላንድ»፣ የልብስ ሳሙና ዱቄትን ሁሉ «ኦሞ» እንደምንለው፣ «ጎፕሮ» ብሎ መተውም አለ። ለወሬ ይበቃል። ገንዘቡን ቆጥሮ ሊገዛ ለወጣ ሰው ግን አይበቃም፤ የአንድ ድርጅት ስም የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ሲሆን ሌሎቹ ከዓይን ይሰወራሉ።

እኔ የማቀርበው ስም «አብሮ ሯጭ ካሜራ» የሚል ነው። «አብሮ አደግ» እንደምንለው ነው፤ «አብሮ» የምትለው ቃል ባለቤቱ የገባበት ሁሉ መግባትን ትይዛለች። ከ«አሯሯጭ» ጋር እንዳይምታታ፤ አሯሯጭ በሩጫ ውድድር ፍጥነት እያወጣ ሌሎቹን የሚያስከትል፣ መሃል ላይም የሚወጣ ሰው ነው። አብሮ ሯጭ ግን እስከ መጨረሻው አይለይም። ትርጉሙን እንዲህ ላስቀምጠው፤ አብሮ ሯጭ ካሜራ ማለት ከሰው አካል ወይም ሰውየው ከሚጋልበው ነገር ጋር ታስሮ፣ እጅ ሳያስፈልገው፣ እየተንቀሳቀሰ የሚቀርጽ፣ ውኃና ብርድ እንዲሁም መውደቅ የሚችል ትንሽ ካሜራ ነው። በንግግር ላይ «ካሜራ» የሚለውን ትቶ «አብሮ ሯጭ» ብቻ ማለት ይቻላል፤ ሲበዛ «አብሮ ሯጮች»።

ስሙ ከዕቃው ታሪክም ጋር ይስማማል። ጎፕሮን የመሠረተው ካሊፎርኒያዊ ኒክ ውድማን እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ አውስትራሊያና ኢንዶኔዢያ ሄዶ በማዕበል ላይ ሲንሸራተት ራሱን ፎቶ ማንሳት ቸገረው። መጀመሪያ ያሰበው ካሜራውን ሳይሆን ማሰሪያውን ነበር፤ በገበያ ያለን ካሜራ ከእጅ አንጓ ጋር አጥብቆ የሚይዝ ቀበቶ። በ2004 ለሽያጭ ያቀረበው የመጀመሪያው ካሜራም 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚጎርስ፣ አንጓ ላይ የሚታሰር ነበር። ዲጂታሉም፣ ቪዲዮውም፣ የምስል ጥራቱ ትልልቅ ቁጥርም በኋላ የመጣ ነው።

አሁን ልጁ ካሜራውን ወደፈለገበት፣ ወደ በረዶው። የእኛ ሰው ለበረዶ ሸርተቴ እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። የእህቴ ልጅ የሚጫወተው ስኖውቦርድ ነው፤ የሚሄድበትም ላቭላንድ የሚባለው የበረዶ ሸርተቴ ቦታ ነው። ላቭላንድ ከዴንቨር በስተምዕራብ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የተራራው እግር ራሱ 3,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ራስ ትንሽ ይበልጣል። ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ከአንድ ጓደኛው ርካሽ አብሮ ሯጭ ተውሰን እዚያ ወጣን። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «4ኬ» የሚል ታትሞበታል። ልጁ ሁለት ጊዜ ወረደ። ሦስተኛው ላይ፣ የባትሪው ምልክት ግማሽ እያሳየ፣ ካሜራው ድርግም ብሎ ጠፋ። ቁልፉን ብንጫነው፣ ብንጠብቅ፣ ምንም የለም። ባትሪውን አወጣሁና ከሸሚዜ ሥር ብብቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ቅዝቃዜው እንደ ምላጭ ቆረጠኝ። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ካሜራው ውስጥ ከተትነው፤ ወዲያው ተነሣ፤ ምልክቱም ያው ግማሽ ላይ ነው።

የሆነው ይህ ነው። በሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ ኤሌክትሪኩ የሚመላለሰው በፈሳሽ ውስጥ በሚጓዙ አዮኖች ነው። ያ ፈሳሽ ሲበርደው፣ ቅቤ በብርድ እንደሚጠጥረው፣ ይወፍራል፤ አዮኖቹ መንገዱ ይከብዳቸዋል። ባትሪው ውስጥ ጉልበቱ አለ፤ ካሜራው በሚፈልገው ፍጥነት ማውጣቱ ግን ያቅተዋል። ቮልቴጁ ሲወርድ ካሜራው «አለቀ» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ሲሞቅ ይመለሳል። ስለዚህ ለበረዶ የሚገዛ አብሮ ሯጭ ባትሪው የሚወጣ ይሁን፤ ሁለተኛ ባትሪ ይኑር፤ ያ ሁለተኛው ከውስጥ ኪስ፣ ገላ አጠገብ ይቀመጥ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እላለሁ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ባትሪ መኪና ውስጥም ቢሆን ሳይሞቅ ቻርጅ ላይ አይሰካ። ሊቲየሙ እንደ ብረት ውስጡ ላይ ይለጠፍና ባትሪው ለዘለቄታው ይጎዳል፤ ለአደጋም ይዳርጋል።

ቤት ገብተን ቪዲዮውን ስናየው ሌላው ችግር ወጣ። በረዶው ይዘላል፣ ዛፎቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሁለት ደቂቃ ሳንቆይ እህቴ «ራሴን አዞረኝ» ብላ ተነሣች። ጥሩ አብሮ ሯጭ በዚህ ላይ መድኃኒት አለው፤ እኔ «ምስል ማርጊያ» ብዬዋለሁ፤ የደፈረሰ ውኃ ሲረጋ እንደሚጠራው ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። ካሜራው ውስጥ ያለች ጋይሮስኮፕ የምትባል ትንሽ መሣሪያ ካሜራው ወዴት፣ በምን ያህል እንደዘመመ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ትለካለች። ካሜራው መጨረሻ ላይ ከሚሰጠን ሰፋ አድርጎ ይቀርጽና፣ ወደ ግራ በዘመመ ቁጥር ፍሬሙን ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ በዘለለ ቁጥር ወደ ታች እየገፋ ከመሃል ቆርጦ ይሰጠናል። ለዚህ ነው ምስሉ ሲረጋ ጠርዙ የሚጠበው። ጎፕሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ሂሮ 7 ብላክ ላይ ሃይፐርስሙዝ ብሎ ይህን ካሻሻለ ወዲህ ሌሎቹም ተከትለው አንዳንዶቹ እኩል ደርሰዋል። ርካሾቹ ላይ ግን ሳጥኑ «አለ» ቢልም የትኛው ጥራት ላይ እንደሚሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በዝቅተኛው እየሠራ፣ 4ኬ ላይ ሲደርስ የሚጠፋባቸው አሉ።

4ኬ ማለት አንዱ ፍሬም በአግድም 3,840፣ በቁመት 2,160 ነጥቦች ያሉት ምስል ነው። አንዳንድ ርካሽ ካሜራዎች ያን ያህል ነጥብ የሚይዝ ሴንሰር የላቸውም፤ ያነሰውን ቀርጸው ይለጥጡትና 4ኬ ይሉታል። ልጁን «ቪዲዮህን ማን ነው የሚያይልህ?» አልኩት። ጓደኞቹ በስልክ፣ አያቱ በቴሌግራም። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ሲላክ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። በ1080 ጥራት፣ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ የረጋ ምስል ለእሱ ከሚንቀጠቀጥ 4ኬ እጅግ ይበልጥበታል። 60 ፍሬም ስል ምክንያት አለኝ፤ ዝላዩን በግማሽ ፍጥነት አዝግሞ ለማሳየት ያስችላል።

ማሰሪያው ላይ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ስኪ የሚጫወት ሰው ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ስለሚወርድ ደረት ላይ ማሰር ያምርበታል፤ ጉልበቱ፣ ዱላዎቹ፣ የስኪው ጫፍ ሁሉ ይገባሉ፤ ፍጥነቱም ይታያል። ስኖውቦርድ ላይ ግን ሰው የሚቆመው በጎኑ ነው። ደረቱ ላይ ያሰረው ካሜራ ወደሚሄድበት አያይም፤ ጫካውን ሲቀርጽ ይውላል። ለእሱ ሄልሜቱ፣ ወይም በእጅ የሚያዝ ዘንግ ይሻለዋል። ሄልሜት ላይ የሚለጠፈው ማስቲሽ ቤት ውስጥ፣ በሙቀት፣ ካሜራው ከመታሰሩ 24 ሰዓት ቀድሞ ይለጠፍ። መኪና ማቆሚያው ላይ በቀዘቀዘ ሄልሜት የለጠፉት እዚያው ተራራ ላይ ይቀራል። ቀጭን ክር ማሰርም አይከፋም። ቁልፉም በጓንት የሚታወቅ ትልቅ ይሁን፤ በአንድ ጫና ተነሥቶ መቅረጽ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ባትሪም ይቆጥባል። በጓንት ስክሪን መነካካት ከንቱ ድካም ነው።

የበረዶው ንጣት ራሱ ካሜራውን ያታልለዋል። ካሜራ ብርሃን ሲመጥን ፊት ለፊቱ ያለው ነገር መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ ሁሉም ነጭ ሲሆንበት «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። በረዶው አመድ ይመስላል። የብርሃን ማስተካከያውን ከግማሽ እስከ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ በቂ ነው። ይህ ማስተካከያ የሌለውን አልገዛም፤ በጣም ርካሽ ቢሆንም።

ዋጋው እንግዲህ። ከ100 ዶላር በታች ያሉት ለዋና፣ ለብስክሌት፣ ለሞቃት አገር ይሆናሉ፤ ለበረዶ ግን ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ጎፕሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ትንሹ ሂሮ ሲወጣ 199 ዶላር ነበር፤ 86 ግራም ብቻ ይመዝናል። ነገር ግን ባትሪው አይወጣም፤ ሲወጣም ምስሉን የሚያረጋው ካሜራው ውስጥ ሳይሆን በኋላ በስልክ መተግበሪያ ነበር። ለበረዶ ሁለቱም ያስቸግራሉ። ዲጄአይ በ2023 ያወጣው ኦዝሞ አክሽን 4 ድርጅቱ እንደሚለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ድረስ ይሠራል፤ ሲወጣ ግን 399 ዶላር ነበር። የእኔ ምክር ስም ያለው ድርጅት አንድ ሁለት ትውልድ ቀደም ብሎ የሠራውን፣ ፋብሪካው አድሶ በዋስትና የሚሸጠውን መፈለግ ነው። አዲሱ በወጣ ቁጥር የአሮጌው ዋጋ ይወርዳል፤ ማርጊያው ግን እንዳለ ነው። ለሚሞሪ ካርዱም ገንዘብ ይተርፍ፤ «ቪ30» የሚል ምልክት ያለው በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ያለማቋረጥ ይጽፋል። ከባድ ቪዲዮ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀረጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ያህል ስለሚበላ፣ 64 ጊጋባይት ለአንድ ቀን ጨዋታ ያብቃቃል።

እኛም እንዲሁ አደረግን፤ የጎደለውን እኔ ጨመርኩለት። የካቲት ላይ ላቭላንድ ተመልሰን ወጣን፤ ባትሪው አንዴ ተቀየረ እንጂ ካሜራው አልጠፋም። ልንመለስ ስንል ልጁ ካሜራውን ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ ከትቶ፣ አየሩን አውጥቶ ዘጋው። ቀዝቃዛ ካሜራ ሞቅ ወዳለ ቤት በድንገት ሲገባ፣ መነጽር እንደሚያልበው፣ ሌንሱ ላይና ውስጡ ውኃ ይቋጥራል፤ ላስቲክ ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ግን ውኃው የሚቋጥረው ላስቲኩ ላይ ነው። አውሮራ ደርሰን እራት ከተበላ በኋላ ከፈተው፤ ደረቅ ነበር። 40 ሰከንድ የምትሆነውን ቆርጦ ለአያቱ ላከላት፤ ከሥሯም በአማርኛ «እማዬ፣ ይቺን የቀረጸልኝ አብሮ ሯጬ ነው» ብሎ ጻፈ። ጠዋት በድምፅ የላከችው መልስ ደርሶ ነበር፤ ስለ ካሜራው አንድም ቃል አላነሣችም፤ «ጓንትህ ስስ ነው፤ እናትህ ሌላ ትግዛልህ» ነው ያለችው።